አዲስ አበባን ከእንጦጦ ወደ ለገሃር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። አዳማ ላይ በጉዞ ሥራ የምንተዳደር አስጎብኚዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በየጋዜጣው የጉዞ ገጽ ላይ ለባለትዳሮች የሚሰጠው ምክር ሐይቅ ለሐይቅ ሲዞር ስለከረመ ነው። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ራቅ ሲል አርባ ምንጭ፤ ውሃ ከሌለበት ሽርሽር አይባልም። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቀን አዲስ አበባ ግን ለአዳማ ሰው የጉዳይ ከተማ ሆና ቀርታለች። ሐኪም ቤት፣ ኤምባሲ፣ መርካቶ፣ ቦሌ እንግዳ መቀበል፤ ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ መግባት። ዕድሜ ልኩን ሲመላለስባት ኖሮ እንጦጦ ማርያምን በዓይኑ ያላየው ስንት ነው!

ሁለት ሌሊት ከተያዘላት አዲስ አበባ ለባልና ሚስት ከየትኛውም ሐይቅ አታንስም። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ጉብኝቱን የሚጀምረው መኪና ካወረደው ቦታ ነው፦ መጀመሪያ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ፒያሳ፣ ከዚያ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ፤ እንጦጦ ደግሞ ጊዜ ከተረፈ ከሰዓት በኋላ። እንዲህ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው። ታሪኩም ይገለበጣል፤ ከተማዋ የተወለደችው ላይ ነው፣ ያደገችው ወደ ታች እየወረደች ነው። ከታች መጀመር መጽሐፍን ከመጨረሻው ገጽ እንደ ማንበብ ነው።

እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት በ1879 ዓ.ም ሲሆን፣ የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ ያን ጊዜ ገና እንጦጦ ላይ ነበረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ነገር ግን ተራራው ብርዳም ነበር፤ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። ቤተ መንግሥቱ ወረደ፣ ገበያው አራዳ ላይ ተተከለ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ የጊዮርጊስ ሕንፃ ቆመ፣ በ1909 ዓ.ም ገደማ ደግሞ በእኛ ከተማ መሐል ያለፈው ባቡር ከሁሉም በታች ለገሃር ደረሰ። ይህን ሰንሰለት ይዞ የሚወርድ ሰው ካርታ ሳይገልጥ ከተማዋን ይረዳታል።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ እንጦጦ በጉም ስለሚሸፈን የወጣበት ዋጋ ይቀራል። ከደጉ ወራትም የሚዘለሉ ቀናት አሉ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ሲካሄድ መንገድ ይዘጋል፣ ሆቴል ይሞላል፣ የተረፈውም ይወደዳል። በኅዳር ታላቁ ሩጫ ባለበት እሑድ መስቀል አደባባይና ዙሪያው እስከ ረፋድ ለመኪና አይሆንም። ጥር 10 እና 11 ጃንሜዳ ስድስት ኪሎ ጎን ስለሆነ አካባቢው በሰው ይጨናነቃል፤ ጥምቀትን ለማየት ለመጣ በረከት ነው፣ ሙዚየም ለማየት ለመጣ ግን ከንቱ ድካም። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የወር በዓላትን ነው። በ7 ሥላሴ፣ በ21 እንጦጦ ማርያም፣ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ ከጠዋት ጀምሮ በምእመን ይሞላሉ፤ ለመሳለም ካልሆነ በስተቀር በእነዚህ ቀናት ሌላውን ሰፈር ማስቀደም ይሻላል።

በፈጣን መንገዱ ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ሰዓት የሚበላው ከቱሉ ዲምቱ በቃሊቲና በሳሪስ አድርጎ መሐል ከተማ መግባቱ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ከሥራ ገቢው ጋር የተጋፋ ሰው ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ ከፈጀበት በላይ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ወይ ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት፣ ወይ ረፋዱን ከ4 ሰዓት በኋላ መውጣት። መሐሉ የለም። መግቢያው ላይ የሚሰጠውን ካርድ መሪው አጠገብ አስቀምጡ፤ መውጫው ላይ ክፍያው የሚሰላው በእሱ ነው፣ ወንበር ሥር ሲፈለግ የኋላው ሰው ጥሩምባ አያቆምም። ጎማ ሳይፈተሽም ፈጣን መንገድ አይወጣም፤ በከተማ ፍጥነት ችሎ የከረመ ያረጀ ጎማ እዚያ ነው የሚፈነዳው።

በሚኒባስ የሚሄድ ቃሊቲ መናኸሪያ ይወርዳል። ከዚያ ሻንጣ ይዞ ታክሲ ለታክሲ ከመቀያየር ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ይዞ በቀጥታ ሆቴል መግባት ለሁለት ሰው ብዙ ልዩነት የለውም። ባቡሩን የሚያነሡልን አሉ። የለቡ ጣቢያ ከመሐል ከተማው ርቆ ያለ ነው፤ ጉዞውም ለድሬዳዋና ለጅቡቲ መንገደኛ እንጂ ለቅዳሜና እሑድ ምልልስ የተቀየሰ አይደለም። የራሳችሁን መኪና ከያዛችሁ ሆቴል ግቢ አቁማችሁ እርሱት። ፒያሳ ማቆሚያ ሲፈለግ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ባልና ሚስትን ሳያጣላ አይቀርም።

ማደሪያን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ውስጥ ያዙ። ቦሌ ያማረ ሆቴል አለ፣ ማታም ይደምቃል፤ ግን የምታዩት ሁሉ በሌላኛው ጫፍ ስለሆነ በየጠዋቱ ለመንገድ ትገብራላችሁ። ክፍሉን ሳትከፍሉ እዩት፦ ሙቅ ውሃው ጠዋትም ይመጣል ወይ፣ ጄኔሬተር አለ ወይ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ነው ወይስ ወደ ግቢ። አራት ኪሎም ሆነ ፒያሳ ከሌሊቱ ጀምሮ የቅዳሴ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ደስ የሚለው አለ፣ እንቅልፍ የሚነሣው አለ። የሁለታችሁም መታወቂያ እንግዳ መቀበያው ላይ ይጠየቃል። ሙዚየም በር ላይም ያስፈልጋል፤ ለኢትዮጵያዊ የሚከፈለው ለውጭ ዜጋ ከሚከፈለው ያነሰ ስለሆነ ከሁለት አንዳችሁ የውጭ ፓስፖርት ከያዛችሁ በጀታችሁን በዚያ አስሉ።

ልብስ ላይ የአዳማ ሰው ይሳሳታል። እኛ ያለነው 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ትጠጋለች፣ እንጦጦ ከ3,000 በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በቲሸርት ወጥቶ የጠዋቱን ብርድ መቋቋም ዘበት ነው። ጃኬት፣ የሚዘጋ ጫማ፣ ለሴቷ ነጠላ። ለወንዱም ነጠላ ወይም ጋቢ ቢያዝ ለሁለት ጉዳይ ይሆናል፤ ለብርዱም ለቤተ ክርስቲያኑም። ከፍታው ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያውን ማታ ውሃ አብዝታችሁ ጠጡ፣ መጠጡን ለሁለተኛው ቀን አቆዩት።

የመጀመሪያው ቀን የእንጦጦ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ላይ መድረስ አለባችሁ፤ ረፋዱ ላይ ከከተማው የሚነሣው ጭስና አቧራ እይታውን ያደበዝዘዋል። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ወደ ማርያም የሚወጣ ታክሲ አለ። መውጣቱን በመኪና፣ መውረዱንም ቢሆን እስከ ሽሮ ሜዳ በመኪና እንመክራለን፤ ቁልቁለቱ አጭር ይመስላል እንጂ ጉልበት ይፈታል። ጥንዶች እየተያያዙ እንውረድ ብለው ጀምረው መንገድ ዳር ሲያርፉ፣ ጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ሸክም የያዙ እናቶች ያልፏቸዋል።

ስለ ባሕር ዛፉ ሳትጠይቁ አትለፉ። ምኒልክ ከውጭ አስመጥተው ያስተከሉት ዛፍ በፍጥነት ስለሚያድግ የማገዶውን ችግር ባያቃልል ኖሮ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ታስቦ ነበር። የምኒልክን የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ስታዩ ዝቅታውን ልብ በሉ። እልፍኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከዚህ ተነሥቶ ነው የዓድዋ ንጉሥ የሆነው። ማርያም ግቢ ያለውን ሙዚየም ከተመለከታችሁ በኋላ እንጦጦ ፓርክ ገብታችሁ ቡና መጠጣት ይቻላል። ፓርኩን ቀኑን ሙሉ የያዘ ሰው ግን የቀረውን ያጣዋል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ጫማ ይወልቃል፤ ወንድ በወንዶች፣ ሴት በሴቶች በር ነው የሚገባው። ባልና ሚስት ውስጥ ስለሚለያዩ ስልክና ገንዘብ አንዱ ብቻ አይያዝ። የት እንደምትገናኙም ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ቅዳሴ ላይ መደወል አይቻልም። ጫማን በር ላይ ከመበተን ፌስታል ውስጥ አድርጎ መያዝ ደግ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያ ስለሆነ እዚህ ላይ ጠብ ይነሣል፤ እሷ መቆየት ትፈልጋለች፣ እሱ ሰዓቱን ያያል። መፍትሔው የሚገዛውን አስቀድሞ መቁረጥ ነው። ጥለቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ያዙና እሹት። በሽመና የገባ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ ይተጣጠፋል። በማሽን የተጠለፈው ይደርቃል፣ ስትገለብጡት ከጀርባው ክሩ ይቆጠቁጣል፤ ብዙ ጊዜ መደገፊያ ጨርቅም ተለጥፎበታል። ሁለቱም ይሸጣል፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም። ልክ ተለክቶ የሚሰፋ ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ሰጥታችሁ ሦስተኛው ቀን እንድትወስዱ ተነጋገሩ፤ ቀብዱንም ከግማሽ አታሳልፉ። ‹ነገ ይደርሳል› የተባለ ቀሚስ ነገ ሲደርስ አይታይም።

ከምሳ በኋላ ስድስት ኪሎ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። በእኛ ግምት ከአዲስ አበባ ሙዚየሞች የሚበልጠው ይህ ነው፤ አንድ ብቻ እንይ ለሚሉ ጥንዶች ይህን እንጂ ብሔራዊውን አንሰጥም። ዕቃው በብሔር ወይም በዘመን ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው የተደረደረው፦ ልደትና ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ለአዲስ ተጋቢ እንደ ተሰናዳ ነው። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኝታ ክፍሎችም እዚያው አሉ። ውጭ ያለው ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ደግሞ ፋሺስቶች የተዉት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ላለፈ አንድ ዓመት ነው። ኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው።

ከበሩ ስትወጡ ያለው ሐውልት በዚያ ሳቢያ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ለተጨፈጨፉት የቆመ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ አራት ኪሎ ያለው ደግሞ የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም የድል ሐውልት ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በመኪና አትለፉት። የወረራው ዘመን መከራና ነፃነት በሁለት አደባባይ መሐል ተዘርግቶ የሚታይበት መንገድ ሌላ የለም።

ሁለተኛው ቀን ብሔራዊ ሙዚየም፣ ቅድስት ሥላሴና አንድነት ፓርክ። ብሔራዊ ሙዚየም ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ። በ1967 ዓ.ም ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት፤ በመስታወት ውስጥ የምታዩት ቅጂዋ ነው፣ ዋናው አፅም ተቆልፎ ይጠበቃል። ይህን ሳያውቁ ገብተው ‹ተታለልን› የሚሉ ስላሉ አስቀድመን እንናገራለን። ሥላሴ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መቃብር ያለበት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ በክብር ያረፉት በ1993 ዓ.ም ነው። የምኒልክ፣ የጣይቱና የዘውዲቱ መቃብር ግን እዚህ ሳይሆን ቤተ መንግሥቱ አጠገብ በዓታ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ የተከፈተው የምኒልክ ግቢ ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ፍተሻው ጥብቅ ስለሆነ ትልቅ ቦርሳ፣ ምላጭና የመሳሰለውን ሆቴል ትታችሁ ሂዱ። እንስሳቱ ጋ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። እኛ ግን መጀመሪያ እንቁላል ቤት የተባለውን ሕንፃ፣ ቀጥሎ የግብር (የግብዣ) አዳራሹን፣ ከዚያ የዙፋን ቤቱን እንላለን፤ የዙፋን ቤቱ ምድር ቤት ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ነው። እግር ሲዝል እንስሳቱ ይደረስባቸዋል። ከፓርኩ ውጭ፣ በአጥሩ ዙሪያ፣ ፎቶ አታንሡ። ለሠርግ አልበም ነው ቢሉት ዘበኛው አይሰማም።

ሦስተኛው ቀን ፒያሳ። በ2016 ዓ.ም ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ስለፈረሰ የቀድሞውን ፒያሳ ፈልጎ የሚሄድ ያዝናል፤ ቢሆንም ቁም ነገሩ አለ። አራዳ ጊዮርጊስ ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ነው፤ ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም የነገሡበት። ውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አሉ። ደጁ ላይ የምኒልክ ሐውልት፤ ጣሊያን ነቅሎት ነበር፣ ከድል በኋላ ተመለሰ። በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ስጡት። እግረ መንገድ በ1898 ዓ.ም ገደማ የተሠራውን ጣይቱ ሆቴል ማየት ነው፤ በ2007 ዓ.ም እሳት ጎድቶታል፣ ግን ቆሟል።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና የጉዞው ማሳረጊያ ነው። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ትግላችን ሐውልትን፣ ፖስታ ቤትን፣ ብሔራዊ ቴአትርን አልፎ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ያደርሳል። ይህ አንበሳ ሮም ተወስዶ የተመለሰ ነው። ስትወርዱ ስልካችሁን በመንገዱ በኩል ባለው እጃችሁ አትያዙ፤ ነጥቆ ሯጩ ቁልቁለቱ ለእሱም ይመቸዋል። ‹ተማሪ ነኝ፣ በነፃ ላሳያችሁ› የሚል ካገኛችሁም በትሕትና አመስግናችሁ እለፉ።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም መታየት ያለበት ቢሆንም ማታ አይሁን፣ የመጨረሻውም አይሁን። የአፅምና የፎቶ ክፍሉን አይቶ እራት የሚበላ የለም። የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ የመስታወት ሥዕል ያለበት ሲሆን፣ የሚገባው አስቀድሞ ቀጠሮ የያዘ ብቻ ነው። መርካቶ የሚያውቅ ሰው ካልያዛችሁ ይቅር፤ እሑድ ደግሞ ሱቁ ዝግ ነው። ፍልውሃን ሶደሬ ይመስለዋል የአዳማ ሰው፤ ዋና የለውም፣ በተራ የሚገባበት መታጠቢያ ክፍል ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ከእናንተ የምንሻው ትንሽ ነገር ነው። ሙዚየሞች በዕድሳት፣ በስብሰባና በበዓል ሲዘጉ በራቸው ላይ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ ከአዳማ ለመጣ ሰው ወረቀቱን በር ላይ ማንበብ ፋይዳ የለውም። ዓርብ ዓርብ በአንድ ጠባብ ሣጥን የትኛው ሙዚየም ክፍት፣ የትኛው መንገድ ዝግ እንደሆነ ከየተቋሙ ጠይቃችሁ ብታወጡ እኛም ደንበኞቻችንን በእሱ እናሰናዳለን። ለመመለሻ የሚሆነውንም ብትጨምሩበት፦ እሑድ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ቱሉ ዲምቱ መውረድ ከሰልፍ ጋር መጋፋት ነው፤ ከ8 ሰዓት በፊት የወጣ ብርሃን ሳለ አዳማ ይገባል።

ከአክብሮት ጋር፣
አስጎብኚዎች፣ ከአዳማ